ቴርማል ፔስት

ቴርማል ፔስት በኮምፒውተር ፕሮሰሰርና ሙቀቱን በሚቀበለው ብረት መካከል የሚቀባ፣ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ነው። ሁለቱ ገጾች ለዓይን ልሙጥ ቢመስሉም በመካከላቸው ጥቃቅን ክፍተት አለ፤ ክፍተቱን የሚሞላው አየር ደግሞ ሙቀት በማስተላለፍ እጅግ ደካማ ነው።

ላፕቶፕ የሚቀዘቅዝበት መጠን በአካባቢው አየርም ይወሰናል። ለምሳሌ ከጎጃም ከተሞች ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ከ2,000 ሜትር በላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ የጌም ላፕቶፕ ማራገቢያ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያስወጣው ሙቀት ያንሳል። የወይና ደጋው ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል፤ የበጋው አቧራ ግን መተንፈሻውን ይደፍናል። አቧራው ሳይጠረግ ቅባት መቀየር ትርፉ ድካም ነው።

ላፕቶፕ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ቀጭን ቅባት ቀስ በቀስ ወደ ዳር ይገፋል። በመሆኑም ወፈር ያለ ቅባት፣ ወይም በ45 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚለሰልሰው የሃኒዌል ፒቲኤም 7950 ዓይነት ስስ ንጣፍ ይመረጣል። ፈሳሽ ብረት ከሁሉም የተሻለ ሙቀት ያስተላልፋል፤ ሆኖም በውስጡ ያለው ጋሊየም አሉሚኒየምን ይበላል፣ ጠብታውም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። የጥርስ ሳሙና ቴርማል ፔስትን ይተካል የሚባለው ለቀልድ ካልሆነ አይሠራም፤ ውኃው ተንኖ ይሰነጣጠቃል።