ሳይከፈቱ የቀሩ ደብዳቤዎች

ሰንባላጥ ነህምያን ለማስፈራራት ለአምስተኛ ጊዜ ሎሌውን ሲልክ፣ በሎሌው እጅ የነበረው ደብዳቤ ያልታሸገ እንደ ነበር መጽሐፍ ቅዱስ ለይቶ ይነግረናል (ነህ. 6፥5)። ብዙዎቻችን ይህችን ቃል ሳናስተውላት እናልፋለን። በዚያ ዘመን ለባለ ሥልጣን የሚላክ ደብዳቤ ተጠቅልሎና ታስሮ፣ በማኅተም ታትሞ ነበር የሚሄደው። ክፍቱን መላክ ማለት በመንገድ ያገኘው ሁሉ ያንብበው፣ ወሬው ከደብዳቤው ቀድሞ ኢየሩሳሌም ይግባ ማለት ነው። ስለዚህ ስድቡ በተጻፈው ቃል ብቻ አልነበረም፤ ደብዳቤውን ሳይዘጉ መላኩ ራሱ ስድብ ነበር።

ደብዳቤ መዝጋት የእጅ ጥበብ የነበረበት ረጅም ዘመን አለ። ኤርምያስ የአናቶትን እርሻ ሲገዛ የታተመውንም የተከፈተውንም የውል ጽሑፍ እንደ ወሰደ እናነባለን (ኤር. 32፥11)። ይህን የሚመስል ልማድ ከብዙ ዘመን በኋላም ቀጥሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 በሙት ባሕር አጠገብ ባለ ዋሻ ባባታ የተባለች የሁለተኛው መቶ ዘመን አይሁዳዊት ያስቀመጠቻቸው ሰነዶች ተገኙ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ አንዱን ውል በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ የጻፉ ናቸው። የላይኛው ተጠቅልሎ በክር ይታሰራል፤ ምስክሮቹም በጀርባው ከቋጠሮዎቹ አጠገብ ይፈርማሉ። የታችኛው ለማንበብ ክፍት ይሆናል። ጠብ ከተነሣ ክሩ ተቆርጦ የተዘጋው ከተከፈተው ጋር ይመሳከራል።

ወረቀት አውሮፓ ከገባ በኋላ ጥበቡ ሌላ መልክ ያዘ። የዚያን ጊዜ ወረቀት የእንጨት ውጤት አልነበረም። አሮጌ የተልባ እግር ጨርቅ ተዘፍዝፎና ተወቅጦ እንደ አጥሚት ከላመ በኋላ በሽቦ ወንፊት እየተጨለፈ፣ እየተጨመቀና እየደረቀ የሚሠራ ነበር። ቀለም እንዳይጠጣም ከእንስሳ ቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ይነከራል። እንዲህ ያለ ወረቀት ሠላሳ ጊዜ ቢያጥፉት አይሰነጠቅም፤ ስለዚህም ሰዎች ደብዳቤውን የገዛ ራሱ መያዣ አደረጉት። ዛሬ ፖስታ የምንለው መክተቻ በሰፊው የተለመደው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት በብዙ አገር የመላኪያው ዋጋ በወረቀቱ ቁጥር ስለሚታሰብ፣ ሌላ ወረቀት መጠቅለያ ማድረግ ክፍያውን እጥፍ ያደርገው ነበር። ድህነትና ምሥጢር ተባብረው ጥበብ ወለዱ ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የስኮትላንዷ ንግሥት የሜሪ ስቱዋርት ደብዳቤ ነው። በእንግሊዝ ከ18 ዓመት በላይ ታስራ ከቆየች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 8 ቀን 1587 ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ በፎዘሪንጌይ ግንብ ሆና ለባሏ ወንድም ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሄንሪ 3ኛ ጻፈች። አንገቷ ሊቆረጥ የቀረው ጥቂት ሰዓት ነበር። ወረቀቶቿን ስለ ወሰዱባት ኑዛዜዋን እንኳ እንደ ፈለገችው መጻፍ አልቻለችም፤ ከለመነቻቸው ነገሮች አንዱ የአገልጋዮቿ ደመወዝ እንዲከፈል ነው። ሜሪ ካቶሊክ ነበረች፤ ከጆን ኖክስ ጋር የነበራትን ክርክር የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ቢሆንም ሊሞት ጥቂት ሰዓት የቀረው ሰው ስለ ሠራተኞቹ ደመወዝ ሲጽፍ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ጽፋ ስትጨርስ ከዚያው ወረቀት ጠርዝ ላይ ቀጭን ዘለላ ሰንጥቃ፣ ሳትበጥስ ጫፉን እንደ ተያያዘ ተወችው። ደብዳቤውን አጥፋ አጥፋ አጠበበችው፤ ከዚያም በቢላ እየበሳች ዘለላውን በቀዳዳዎቹ ውስጥ ደጋግማ አሳለፈችው። ዛሬ አጥኚዎች ይህን አዘጋግ ጠመዝማዛ መቆለፊያ ይሉታል፤ ከሠላሳ በላይ እርምጃ አለው። ያለ ሰምና ያለ ክር ራሱን በራሱ ይቆልፋል። የሚከፍተው ሰው ዘለላውን መቅደድ ግድ ስለሚሆንበት፣ በመንገድ የሰረቀ ቢኖር ይታወቅበታል። ደብዳቤው ዛሬ በስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

በእኛም አብያተ ክርስቲያናት አንድ ምእመን ወደ ሌላ አጥቢያ ሲዛወር የመሸኛ ደብዳቤው በፖስታ ታሽጎ፣ ማኅተሙ ግማሹ በክዳኑ ግማሹ በፖስታው ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ይሰጠው ነበር። አሁን አሁን በቴሌግራም ፎቶው ይላካል። ፍጥነቱን አልጠላም። ነገር ግን አንድ እኅት ለጸሎት ብላ የጻፈችው የልብ ጭንቀት በስክሪን ሾት ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ባየሁ ቁጥር ያ የሰንባላጥ ሎሌ ትዝ ይለኛል።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1685 የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ለፕሮቴስታንቶች ነፃነት የሰጠውን የናንት አዋጅ ሻረ። መጋቢዎች በ15 ቀን ውስጥ አገር ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ። ምእመናኑ ግን እንዳይወጡ ተከለከሉ፤ ሲሸሽ የተያዘ ወንድ በመርከብ ቀዛፊነት፣ ሴት በእስራት ትቀጣ ነበር። እንዲያም ሆኖ ከ150,000 በላይ ሰዎች አመለጡ፤ ብዙዎቹም ሆላንድ ገቡ። አባት በአንድ አገር፣ ልጆች በሌላ አገር ሲቀሩ፣ የሚያገናኛቸው ያ የታጠፈ ወረቀት ብቻ ነበር።

በዚያ ዘመን በሄግ ከተማ ሲሞን ደ ብሪየን የተባለ ሰው ከሚስቱ ከማሪ ዠርማን ጋር የፖስታውን ሥራ ይመራ ነበር። የመላኪያውን ዋጋ የሚከፍለው ተቀባዩ ነው። ተቀባዩ ከሞተ፣ ከተማ ከለቀቀ፣ ገንዘብ ካጣ ወይም አልፈልግም ካለ ደብዳቤው ፖስታ ቤት ይቀራል። ብሪየን አንድ ቀን መጥተው ይከፍሉ ይሆናል ብሎ እነዚህን ደብዳቤዎች በሣጥን አከማቸ። እ.ኤ.አ. በ1926 ለኔዘርላንድስ የፖስታ ሙዚየም የተላለፈው ይህ ሣጥን ከ3,000 በላይ ሰነዶች ይዟል። ከስደተኛ ቤተ ሰቦች የተላኩ አሉበት፤ ከነጋዴዎችም፣ ከሙዚቀኞችም። ከእነዚህ ውስጥ 577ቱ ፈጽሞ ያልተከፈቱ ናቸው።

እነዚህን ምን ማድረግ ይገባል? መቅደድ ቀላል ነው፤ በስድስትና በሰባት መስመር ጽሑፍ ልዋጭ ግን የሦስት መቶ ዓመት እጥፋት ይጠፋል። የአጥኚዎቹን ውሳኔ አከብራለሁ፤ አልቀደዱም። ለጥርስ ምርምር በተሠራ ጥልቅ የኤክስሬይ መሣሪያ ወረቀቱን በውስጡ ካነሡ በኋላ በኮምፒውተር እጥፋቱን ፈቱት። በቀለሙ ውስጥ ብረት ስላለ ፊደሉ ጎልቶ ታየ። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2021 ታተመ።

በዚህ መንገድ ከተነበቡት አንዱ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1697 ዣክ ሴናክ የተባለ ሰው ከሊል ከተማ በሄግ ለሚኖር ነጋዴ ዘመዱ ለፒየር ለ ፐር የጻፈው ነው። ጉዳዩ ተራ ነው፤ የዳንኤል ለ ፐርን መሞት የሚያረጋግጥ ሰነድ ግልባጭ እንዲልክለት ቀደም ሲል ጠይቆት ስለ ነበር ያስታውሰዋል። በመጨረሻም እግዚአብሔር በጸጋው እንዲጠብቀው፣ ለመዳኑ የሚያስፈልገውንም በረከት እንዲያበዛለት ይለምንለታል። ያ ምርቃት ፒየር እጅ አልደረሰም። እኛ አነበብነው፤ ወረቀቱ ግን ሴናክ እንዳጠፈው አሁንም ተዘግቶ ተቀምጧል።