ሞተሩ በየት በኩል ይተነፍሳል?

ሲሊንደር ውስጥ ከሚቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተኑ ፋሻ ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። አዲስ ሞተርም ከዚህ አያመልጥም። ጋዙ መውጫ ካጣ በግፊቱ ዘይቱን በየመጋጠሚያው ያንጠባጥባል፤ ውስጥ ከቀረም ያልተቃጠለ ቤንዚንና እርጥበት ይዞ ስለሚወርድ ዘይቱን ያበላሻል። መኪና ሠሪዎች ለረጅም ዓመታት የተገላገሉት ከሞተሩ ጎን ወደ መሬት በሚወርድ ክፍት ቱቦ ነበር። መኪናው ሲሮጥ ከሥሩ የሚያልፈው ነፋስ ጭሱን ይስበዋል፤ በምትኩም በዘይት መሙያው ክዳን የሽቦ ማጣሪያ በኩል ንጹሕ አየር ይገባል። መኪናው ሲቆም የሚስብ ነፋስ የለም።

ቱቦውን በመጀመሪያ ያልወደዱት ወታደሮች ናቸው፤ ወንዝ በሚሻገር ተሽከርካሪ ሥር የተከፈተ ቀዳዳ መተው አይመችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዊሊስ ጂፕ ላይ ጋዙ በቫልቭ በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ተመልሶ ይቃጠል ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን ሲቪሉ መኪና በአሮጌው ቱቦ ቀጠለ።

ነገሩን የቀየረው የሎስ አንጀለስ ሰማይ ነው። የካልቴኩ ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የከተማዋን የጭስ ጉም የሚፈጥረው ሃይድሮካርቦንና የናይትሮጅን ኦክሳይድ በፀሐይ ብርሃን ሲዋሃዱ መሆኑን አሳየ። ከአንድ መኪና ከሚወጣው ሃይድሮካርቦን አንድ አምስተኛ ያህሉ ደግሞ ከዚያ ከተናቀው ቱቦ ነበር የሚወጣው። ካሊፎርኒያ በ1961 ጋዙን መልሶ የሚያቃጥለውን ዘዴ አስገዳጅ አደረገች፤ ደንቡም በ1963 ሥራ ላይ ዋለ።

እንግሊዛዊው የስፖርት መኪና ኤምጂቢ የተወለደው በዚሁ መሐል፣ በ1962 ነው። ትልቁ ገበያው አሜሪካ ስለነበር የካሊፎርኒያን ሕግ ታሪክ ሞተሩ ላይ ማንበብ ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ጎናቸው ላይ ወደ መሬት የሚወርድ ቱቦ፣ ከላይ ደግሞ ከቫልቭ ክዳኑ ወደ አየር ማጣሪያው የሚሄድ ጎማ ነበራቸው። በ1964 መጀመሪያ ቱቦው ቀረና ማኒፎልዱ ላይ እንጉዳይ የመሰለ የስሚዝስ ቫልቭ መጣ። በውስጡ የጎማ ሽፋንና ሞላ አለው። በ1968 መገባደጃ ላይ እሱም ተነሥቶ ጋዙ በቀጥታ ወደ ሁለቱ ካርቡራቶሮች ተመራ። በ1970ዎቹ የአሜሪካ መኪኖች ላይ ደግሞ የቤንዚን ትነት የሚይዝ የከሰል ጣሳ ታከለ፤ ንጹሑ አየርም በእሱ በኩል ይገባ ጀመር።

አሮጌ መኪና የሚያድሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ቫልቩ ላይ አይደለም። የሚያሳስተው ተራው የዘይት ክዳን ነው። የስሚዝስ ቫልቭ ያለው ሞተር ክዳን አየር ያስገባል፤ ማጣሪያና በልክ የተበሳ ቀዳዳ አለው። የከሰል ጣሳ ያለው ሞተር ክዳን ግን ድፍን ነው። ሁለቱም አንዱ በሌላው ቦታ ልክክ ብለው ይገጥማሉ! ድፍኑ በስሚዝስ ሞተር ላይ ከተገጠመ ንጹሕ አየር ይቋረጥና ጋዙን ጠርጎ የሚያወጣ ነገር አይኖርም። አየር የሚያስገባው የከሰል ጣሳ ባለው ሞተር ላይ ከተገጠመ ደግሞ ካርቡራቶሮቹ ያልተለካ አየር ስለሚስቡ ሚኒሞው ይረበሻል። ስለዚህ ክዳን፣ ጎማና ቫልቭ በአንድነት መታየት አለባቸው፤ መፈለግም ያለባቸው መኪናው በተመረተበት ዓመት ሳይሆን በሞተሩ ቁጥር ነው። በስልሳ ዓመት ውስጥ ሞተር ያልተቀየረለት ስንቱ ነው?

የሞተሩን ቁጥር መያዝ ሌላም ጥቅም አለው። እስከ 1964 መኸር የተሠሩት ባለ ሦስት ባንኮ ሞተሮች ከኋላ ፓራኦሊዮ የላቸውም፤ ዘይቱን የሚመልሰው ዘንጉ ላይ የተቀረጸ ጠመዝማዛ ቦይ ብቻ ነው። የሆዱ ግፊት ትንሽ ሲጨምር ዘይት ከኋላ ይወርዳል። ሰው ፍሪሲዮኑን አስፈትቶ ገንዘቡን ይጨርሳል፤ ችግሩ ግን የተደፈነ መተንፈሻ ሆኖ ይገኛል።

በውስጡ መንሸራተቻና ሞላ ያለው የአሜሪካ መኪኖች ቫልቭ ደግሞ በሌላ መንገድ ያታልላል። በሚኒሞ ጊዜ የማኒፎልዱ ኃይለኛ ስበት መንሸራተቻውን ጎትቶ መንገዱን ያጠብበዋል፤ ቤንዚን ሲሰጥ ስበቱ ይላላና ሞላው መንገዱን ይከፍታል። ሞተሩ ወደ ኋላ ቢተኩስ እሳቱ ሆዱ ውስጥ እንዳይገባ ጨርሶ ይዘጋል። ከውጭ መንታ የሚመስሉ ሁለት ቫልቮች በሞላ ጥንካሬና በቀዳዳ ስፋት ይለያያሉ። ለትልቅ ሞተር የተሠራውን ትንሽ ሞተር ላይ የገጠመ ሰው ካርቡራቶሩን ቢያስተካክል ቢያስተካክል ሚኒሞው አይረጋለትም።

የስሚዝስ ቫልቭን ለመፈተን የፋብሪካው መመሪያ የሚያዘው ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ማንሣት ነው። ቫልቩ ጤነኛ ከሆነ ዙሩ በደቂቃ 200 ያህል ይጨምራል፤ በጆሮም ይሰማል። ምንም ለውጥ ከሌለ ቫልቩ ይፈታል፣ ይጸዳል፤ የጎማው ሽፋን ከተቀደደ ደግሞ ይቀየራል።