ሸክላው ለሁለት የቆረጠው ሙዚቃ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1960 ሳክስፎን ተጫዋቹ ኦርኔት ኮልማን ሰባት ሙዚቀኞችን ይዞ ኒውዮርክ ስቱዲዮ ገባ። ሁለት ኳርቴት ባንድ ላይ ማለት ነው፤ በስቴሪዮ አንዱ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ ይሰማል። ሳያቋርጡ 37 ደቂቃ ያህል ተጫወቱ። አልበሙም «ፍሪ ጃዝ» ተባለ።

ችግሩ ሸክላው ነበር። አንድ ገጽ ብዙ ደቂቃ ሲጫንበት ቦዮቹ ይጠባሉ፣ የድምፁም ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ አትላንቲክ በ1961 ሲያወጣው መሃል ላይ ቆርጦ በሁለት ገጽ ከፈለው። በኋላ ሲዲ መጣና ቁራጩን ገጠመው።

ታዲያ ዛሬ በሸክላ እንደገና ሲታተም ምን እናገኛለን? ያንኑ መቆራረጥ! ግን አይናቅም፤ የዚያን ዘመን አድማጭ የሰማው እንደዚያ ነው፣ መሃል ላይ ተነስቶ ሸክላውን እየገለበጠ። ሲዲው የስቱዲዮውን ታሪክ ይነግረናል፤ ሸክላው ደግሞ የሳሎኑን።