ትንፋሽም ንግግር ነው? ንግግር ለዪ ሶፍትዌር ስለሚፈተንበት መንገድ

በአማርኛ የስልክ ወሬ መሀል አድማጩ አየር ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል። «አዎ፣ እየሰማሁ ነው» ማለቱ ነው። ቃል አልወጣውም፤ መልእክቱ ግን ደርሷል። በተቀዳ ድምፅ ውስጥ ንግግር የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚለይ ሶፍትዌር ይህችን ትንፋሽ ቢዘላት ተሳሳተ እንበል ወይስ ልክ ነው? ይህን የሚወስነው ሙከራውን የነደፈው ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን መወሰኑን እንኳ ሳያውቅ ይወስናል።

እዚህ የምናወራው ንግግርን ወደ ጽሑፍ ስለሚለውጠው ሶፍትዌር አይደለም። የእኛው ከዚያ ቀድሞ በር ላይ የሚቆመው ዘበኛ ነው፤ ንግግሩን ያስገባል፣ የመኪናውን ጩኸት ይመልሳል። ሥራው አዲስ አይደለም። ጂ.729 ለተባለው የስልክ ድምፅ መጭመቂያ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው አባሪ ቢ በየ10 ሚሊሰከንዱ «ንግግር አለ ወይስ የለም» እያለ ይወስናል፤ ተናጋሪው ዝም ሲል መስመሩ በከንቱ እንዳይያዝ።

የሙከራው መሠረት ሰዎች አዳምጠው የሚያኖሩት ምልክት ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ሳያይ ምልክት ያድርጉ፤ የሚመሩበትም ደንብ አስቀድሞ ይጻፍ። በአማርኛ ይህ ደንብ የዋዛ አይደለም። «በቃ» ስንል ቀ ይጠብቃል፤ ድምፁ ከመፈንዳቱ በፊት አየሩ ታግቶ ይቆያል። ጆሯችን አንድ ቃል ይሰማል፣ መሣሪያው ግን መሀሉ ላይ ጸጥታ ያገኛል። ደንቡ «በቃል ውስጥ ያለ ጸጥታ ከንግግር ይቆጠራል» ካለ «ንግግር አለ» የሚለውን ውሳኔ ድምፁ ከቆመ በኋላም ጥቂት የሚያቆይ ሶፍትዌር ይጠቀማል፤ ካላለ ደግሞ ያው ሶፍትዌር ይቀጣል። ሁለቱም አቋም ያስኬዳል። ደንቡን ሳይናገሩ ውጤቱን ብቻ ማተም ግን አያስኬድም።

ሌላው ስውር ውሳኔ የይቅርታ ጠርዝ ነው። ሰው የንግግርን ጫፍ በሚሊሰከንድ ልክ ማመልከት ስለማይችል ፈታኞች ከጫፉ ግራና ቀኝ ያለውን ጥቂት ጊዜ ከቆጠራ ያወጡታል። ተገቢ ነው። ነገር ግን ጠርዙ በየአቅጣጫው 250 ሚሊሰከንድ ከሆነ፣ ከግማሽ ሰከንድ የሚያጥር «እሺ» እንዳለ ከፈተናው ይወጣል። የስልክ ወሬያችን ደግሞ በ«እሺ» የተሞላ ነው።

ስህተቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ያመለጠ ንግግርና የሐሰት ማንቂያ። ሁለቱን አደባልቆ «90 ከመቶ ትክክል» ማለት ሊያሳፍር ይችላል፤ በ60 ደቂቃ ቅጂ ውስጥ ንግግሩ 6 ደቂቃ ብቻ ከሆነ ሁልጊዜ «የለም» የሚል ሶፍትዌርም 90 ከመቶ ያገኛል። የትኛው ስህተት ይበልጥ እንደሚጎዳ አገልግሎቱ ይወስናል። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኒስት፣ በ2015 ባዘጋጀው ኦፕንሳድ በተባለው ግምገማ ላመለጠ ንግግር 0.75፣ ለሐሰት ማንቂያ 0.25 ክብደት ሰጥቷል። ይህን ለራስ ሥራ እንዳለ መገልበጥ ስንፍና ነው።

ስለ ጫጫታ አንድ ነገር ልጨምር። የተለመደው ዘዴ በጸጥታ ክፍል በተቀዳ ንግግር ላይ የገበያ ድምፅ በ20፣ በ10፣ በ0 ዴሲቤል ልዩነት መደባለቅ ነው። መጠኑን ለመቆጣጠር ይመቻል። ይሁንና ፈረንሳዊው ኤትየን ሎምባርድ በ1911 እንዳሳየው ሰው በጫጫታ መሀል ሲናገር ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በድብልቅ ቅጂ ውስጥ ያለው ሰው ግን ገበያ መሀል በሹክሹክታ እንደሚያወራ ነው። ጥቂትም ቢሆን በእውነተኛ ቦታ የተቀዳ ድምፅ መጨመር አለበት።

ውጤቱን ወደ ማቅረቡ ስንመጣ ትልቁ ፈተና የቁጥር ብዛት ነው። አንድ ሰዓት ድምፅ በ10 ሚሊሰከንድ ሲከፋፈል 360,000 ቁራጭ ይሆናል፤ ከዚህ ብዛት የሚሰላ የስህተት ወሰን እንደ ፀጉር ይቀጥናል። ማሳሳቻ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ቁራጮች ከአንድ ጉሮሮ፣ ከአንድ ማይክሮፎን የወጡ ናቸው። አስር ሰዎች ከተቀዱ ናሙናው ወደ አስር የሚጠጋ እንጂ 360,000 አይደለም። ብራድሊ ኤፍሮን በ1979 ያቀረበው፣ ከናሙናው ደጋግሞ ዕጣ እያወጣ የስህተት ወሰንን የሚገምተው ቡትስትራፕ የተባለ ዘዴ እዚህ ይጠቅማል፤ ደጋግመን ዕጣ የምናወጣው ግን ከቁራጮቹ ሳይሆን ከተናጋሪዎቹ መካከል መሆን አለበት። ሶፍትዌሩ «ንግግር አለ» ለማለት የሚያልፈው የውሳኔ ወሰንም በሌሎች ተናጋሪዎች ድምፅ አስቀድሞ ተስተካክሎ ይቆለፍ፤ በፈተናው ድምፅ ላይ ማስተካከል ተማሪ መልሱን አይቶ እንደመፈተን ነው።

እኔ ብጠየቅ ከአንድ አማካይ ቁጥር ይልቅ የእያንዳንዱን ተናጋሪ ሁለቱንም ስህተቶች በሠንጠረዥ ማየት እመርጣለሁ። የውሳኔው ወሰን ከፍና ዝቅ ሲል ሁለቱ ስህተቶች እንዴት እንደሚለዋወጡ ለማሳየት ደግሞ ከ1997 ጀምሮ የታወቀው የዴት ኩርባ አለ። አማካዩ ጥሩ ሆኖ የሴቶች ወይም የሕፃናት ድምፅ ሲጣል የሚያጋልጠው ግን ያው ሠንጠረዥ ነው።

የፈተናው ድምፅ ዓይነትም ይታሰብበት። ሰሎሞን ተፈራ አባተ፣ ቮልፍጋንግ ሜንዘልና ባይሩ ታፍላ በ2005 ያቀረቡት የአማርኛ የድምፅ ስብስብ ለማሠልጠኛ 20 ሰዓት ያህል ንባብ ከ100 ሰዎች ይዟል። ለታለመለት ለንግግር ወደ ጽሑፍ ጥናት ትልቅ ሀብት ነው። አንባቢ ግን አየር ሳብ አድርጎ «አዎ» አይልም። በእንዲህ ያለ ድምፅ የተፈተነ ንግግር ለዪ ለንባብ ተፈትኗል፤ ለስልክ ወሬ ገና አልተፈተነም።