በእርምጃ ወቅት የጡንቻን ሥራ በኮምፒውተር ሞዴል መገመት

በእርምጃ ወቅት የጡንቻን ሥራ በኮምፒውተር ሞዴል መገመት ማለት አንድ ሰው ሲራመድ እያንዳንዱ ጡንቻ መቼ እንደሚሠራና ምን ያህል ኃይል እንደሚያወጣ ከእንቅስቃሴው ተነሥቶ በስሌት የማግኘት ዘዴ ነው። ዘዴው በባዮሜካኒክስ ጥናት ውስጥ የሚመደብ ሲሆን ለቀዶ ሕክምና፣ ለአካል ማገገሚያ፣ ለሰው ሠራሽ እግር ሥራና ለስፖርት ጥናት ያገለግላል።

አስፈላጊነቱ

የጡንቻን ኃይል በሕያው ሰው ላይ በቀጥታ ለመለካት ጅማቱ ላይ መሣሪያ መትከል ስለሚያስፈልግ ይህ እምብዛም አይደረግም። ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ኤሌክትሮድ የሚሠራው ኤሌክትሮማዮግራፊ የጡንቻውን የኤሌክትሪክ ምልክት ያነባል። ምልክቱ ጡንቻው መቼ እንደሠራ ያሳያል እንጂ ስንት ኒውተን ኃይል እንዳወጣ በቀጥታ አይናገርም። ወደ ውስጥ ጠልቀው የሚገኙ ጡንቻዎች ደግሞ መርፌ ወይም ቀጭን ሽቦ ካልገባባቸው በስተቀር አይደረስባቸውም።

አሠራሩ

በሞዴሉ ውስጥ አጥንቶች የማይታጠፉ አካላት ሆነው በመገጣጠሚያዎች ይያያዛሉ፤ ጡንቻዎችም ከአጥንት ወደ አጥንት የተዘረጉ መስመሮች ሆነው ይወከላሉ። የጡንቻው ጠባይ በአብዛኛው የሚሰላው ከእንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ከአርችባልድ ሂል ሥራ በመነጨ ሞዴል ነው። ሂል እ.ኤ.አ. በ1938 ባወጣው ጥናት ጡንቻ በፍጥነት ባጠረ ቁጥር የሚያወጣው ኃይል እንደሚቀንስ በቀመር አሳይቷል።

ስሌቱ የሚከተሉት ደረጃዎች አሉት፦

1. ተራማጁ ሰውነቱ ላይ ብርሃን አንጸባራቂ ምልክቶች ተለጥፈውለት በካሜራዎች ይቀረጻል፤ ወለሉ ላይ የተገጠመ ሰሌዳም እግሩ የሚያሳርፈውን ኃይል ይለካል።
2. ሞዴሉ በሰውዬው ቁመትና ክብደት ልክ ይስተካከላል።
3. የመገጣጠሚያዎቹ ማዕዘንና በእያንዳንዳቸው ላይ ያለው የማዞር ኃይል ወይም ቶርክ ይሰላል።
4. ቶርኩ ለጡንቻዎቹ ይከፋፈላል።

የማከፋፈል ችግር

ከሁሉም የሚከብደው አራተኛው ደረጃ ነው፤ ምክንያቱም ጡንቻዎቹ ከመገጣጠሚያዎቹ እንቅስቃሴዎች በቁጥር ይበልጣሉ። ለምሳሌ ቁርጭምጭሚት ላይ 100 ኒውተን ሜትር ቢያስፈልግ፣ ከሁለቱ ዋና የባት ጡንቻዎች አንዱ 60 ሌላው 40፣ ወይም አንዱ 80 ሌላው 20 ሊሰጡ ይችላሉ። ድምሩ በሁለቱም መንገድ ትክክል ነው።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ የሚመርጥበት መስፈርት ይሰጠዋል። ክራውኒንሺልድና ብራንድ እ.ኤ.አ. በ1981 የጡንቻ ውጥረቶች ኩብ ድምር አነስተኛ እንዲሆን የሚያደርግ መስፈርት አቀረቡ፤ ሐሳባቸውም ሰውነት ሳይደክም ረጅም ጊዜ መሥራትን ይመርጣል የሚል ነበር። አንደርሰንና ፓንዲ በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ2001 54 ጡንቻዎች ባሉት ሞዴል፣ ለተጓዘው ርቀት የሚወጣውን የሰውነት ጉልበት ፍጆታ ዝቅተኛ የሚያደርገውን እርምጃ አሰሉ። መስፈርቱ ሲቀየር ለእያንዳንዱ ጡንቻ የሚደርሰው ድርሻም ይቀየራል።

ሶፍትዌር

በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በስኮት ዴልፕና ባልደረቦቹ የተሠራው ኦፕንሲም ነው። በነፃ የሚገኝ ሲሆን ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። በሰፊው ከሚታወቁት ሞዴሎቹ አንዱ 92 የጡንቻ መስመሮች አሉት። በዴንማርክ ኦልቦርግ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ኤኒባዲም በዚሁ ዘርፍ ይታወቃል።

በሕክምና ያለው ጥቅም

ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው አንዳንድ ልጆች ጉልበታቸውን አጥፈው ይራመዳሉ። መንስኤው ከጭን ጀርባ ያሉት ጡንቻዎች ማጠር ነው ተብሎ ሲታሰብ ጡንቻዎቹን በቀዶ ሕክምና ማስረዘም የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ዴልፕና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 በሞዴል ባደረጉት ጥናት፣ ከተመረመሩት ልጆች የአብዛኞቹ ጡንቻዎች በእርምጃ ወቅት ከጤናማው ርዝመት ያላነሱ ሆነው ተገኝተዋል። ያላጠረን ጡንቻ ማስረዘም ሊያዳክመው ስለሚችል፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት ርዝመቱን ማስላት ጠቃሚ ነው።

ገደቦች

ብዙ ሞዴሎች የተመሠረቱት ከአስከሬን በተወሰደ ልኬት ላይ በመሆኑ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር በትክክል አይገጥሙም። ኃይል ቆጣቢ መስፈርቶችም ተቃራኒ ጡንቻዎች መገጣጠሚያን ለማጽናት አንድ ላይ ሲሠሩ ይህን አሳንሰው የመገመት ዝንባሌ አላቸው፤ ይህም በነርቭ ሕመምተኞች ላይ ጉልህ ስሕተት ሊያስከትል ይችላል። በዚህም ምክንያት ውጤቱ ከኤሌክትሮማዮግራፊ ጋር፣ እንዲሁም መለኪያ ከተገጠመላቸው ሰው ሠራሽ የጉልበትና የዳሌ መገጣጠሚያዎች ከሚገኝ ልኬት ጋር ይነጻጸራል።