ጋሪውና ምቱ፤ ጎልፍ እውነተኛ ስፖርት ነውን?

በስፖርት ስም ሩጫን፣ ትግልንና እግር ኳስን ማየት የለመደ ሰው የጎልፍ ተጫዋች ንጹሕ ልብሱን እንደ ለበሰ በለምለም ሣር ላይ በዝግታ ሲራመድ፣ ቆሞ ሲያሰላስል፣ አንድ ጊዜ መትቶ ደግሞ መንገዱን ሲቀጥል በተመለከተ ጊዜ፥ ይህስ ሽርሽር እንጂ ስፖርት አይደለም ብሎ ቢፈርድ የሚያስደንቅ አይሆንም። ቋንቋችንም ራሱ ወደዚህ ፍርድ ያዘነብላል፤ ጨዋታ የምንለው ቃል የማታውን ወግ፣ የሕፃናቱን ድብብቆሽ፣ ገበጣውንና ገናውን ሁሉ ሳይለይ አቅፎ ሲኖር፥ ስፖርት የሚለውን የውጭ ቃል ግን ላብ ለሚያፈስ ነገር ብቻ ለይተን የሰጠነው ይመስላል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሻው የላብ ብዛት መለኪያ ሊሆን እንደማይገባው፥ ጎልፍም ከዚህ በጠበቀ ሌላ መለኪያ ተመዝኖ ለስሙ በሙሉ የሚበቃ መሆኑን ነው። (የዓመታቱ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ክርክሩ በአሜሪካ አገር ከወግ አልፎ እስከ ከፍተኛው ችሎት ደርሷል። ኬሲ ማርቲን የተባለው ወጣት ተጫዋች በቀኝ እግሩ ላይ አብሮት የተወለደ የደም ዝውውር ሕመም ስለ ነበረበት፥ 18ቱን ጉድጓዶች በእግሩ ማዳረስ ለብርቱ ሥቃይና ለአጥንት ስብራት አደጋ የሚያጋልጠው ሆኖ በጋሪ ተቀምጦ ይጫወት ዘንድ ፒጂኤ ቱር የተባለውን የውድድር ማኅበር ጠየቀ። ማኅበሩ ግን መራመድ የውድድሩ ክፍል ነው፥ ድካሙም ተወዳዳሪውን ይፈትነዋል ሲል እምቢ አለ፤ ስመ ጥሮቹ የጎልፍ ተጫዋቾች አርኖልድ ፓልመር፣ ጃክ ኒክላውስና ኬን ቬንቱሪም ይህንኑ የሚያጸና ምስክርነት ሰጡ። ማርቲን በ1990 የወጣውን የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ጠቅሶ ከሰሰ፤ በ2001ም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ፈረደለት።

የብዙኃኑን ብይን የጻፉት ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ የጨዋታውን ባሕርይ ከጥንተ ነገሩ ጀምረው መረመሩ። በ1744 በስኮትላንድ በሊዝ ሜዳ የወጡት የመጀመሪያዎቹ 13 ደንቦች ኳሱ እንዴት እንደሚመታ ይደነግጋሉ እንጂ፥ ከአንዱ ምት ወደ ሌላው ምት ሰው በምን እንደሚሄድ አንዳች አይናገሩም። አንድ የሰውነት አሠራር ሊቅም ተጫዋቹ በአምስት ሰዓት ያህል ጕዞ የሚያጠፋው ኀይል 500 ካሎሪ ገደማ ብቻ መሆኑን አስረድተው ነበር። ስለዚህ የጎልፍ ዋና ነገሩ ምቱ ነው ተባለ። በተቃውሞ የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ግን የጨዋታ ደንብ ሁሉ ሰው በፈቃዱ የደነገገው ስለ ሆነ፥ ይህ ዋና ያ ትርፍ ብሎ መለየት የማንም ዳኛ ሥልጣን አይደለም አሉ።

የስካሊያ ሐሳብ በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። ፈላስፋው በርናርድ ሱትስ በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስተዋሉት፥ ኳሱን ወደ ጉድጓድ ማስገባት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው በእጁ ይዞት ሄዶ በጨመረው ነበር፤ ረጅሙን ዱላ መቀበሉ ራሱ ፈቃድ ነው። ነገር ግን ሁሉ በፈቃድ ተደነገገ ማለት ሁሉ እኩል ነው ማለት አይደለም፤ ምሰሶውም ማገሩም በሰው እጅ ተቈርጠው መጥተዋል፥ ቤቱን የሚጥለው ግን የምሰሶው መነቀል ነው።

ምሰሶውን ከማገሩ የምንለይበት መንገድ ሌላ ሰው ወይም ሌላ ነገር በተጫዋቹ ፈንታ ሊፈጽመው የሚችለው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። ዱላውን ተሸክሞ የሚከተለው ካዲ ርቀቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የሣሩን ዘንበል ማለትና የሚመረጠውን ዱላ ሁሉ ሊነግረው ተፈቅዶለታል፤ እንግዲህ ዕውቀት በብድር ይገኛል ማለት ነው። መሄዱን ጋሪ ሊተካው ይችላል። ምቱን ግን ማንም ማንንም ወክሎ አይመታለትም። የሰንጠረዥ ተጫዋች ካልጋው ሳይነሣ ፈረሱ ወዴት እንዲዛወር ቢያዝና ሌላው በእጁ ቢያንቀሳቅስለት ጨዋታው ቅንጣት አይጎድልም፤ ስለዚህም ሰንጠረዥ ታላቅ የአእምሮ ጥበብ ሲሆን ስፖርት አይደለም። የማራቶን ሯጭ ደግሞ ጥቂት መንገድ እንኳ በጋሪ ቢሄድ ሩጫው ይፈርሳል። የሥጋ ሥራ በውክልና የማይፈጸምበት፥ ውጤቱም በዚያው ሥራ የሚወሰንበት ጨዋታ ስፖርት ነው፤ ጎልፍም በዚህ ሚዛን ከሩጫው ወገን ይቆማል እንጂ ከሰንጠረዡ ወገን አይቆምም።

ምቱን ቀርበው ቢያዩት ነገሩ ይገለጣል። ኳሱ ከ45.93 ግራም አይበልጥም፤ የሚጠብቀው ጉድጓድ ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በቀኙ የሚመታ ተጫዋች ዱላውን ወደ ኋላ አንሥቶ ክብደቱን በቀኝ እግሩ ላይ ካሳረፈ በኋላ፥ ወገቡ ከትከሻው ቀድሞ ይዞራል፥ ክንዱ ይከተላል፥ አንጓው በመጨረሻ ይፈታል፤ የዱላው ራስ ከኳሱ ጋር የሚገናኘውም ለሰከንድ ሺሕኛ ግማሽ ያህል ነው። ኳሱ ሲነሣ አቅጣጫውን አንዲት ዲግሪ ቢስት፥ 250 ሜትር ሲደርስ ከ4 ሜትር በላይ ስቶ ይገኛል። ይህን የሚያህል የሥጋ ለልቡና መታዘዝ ከየትኛው ስፖርት ያንሳል?

ማርቲንን ስደግፍ ግን በድካም የተጋደሉትን ላሳንስ አልሻም። ስመ ጥሩ የጎልፍ ተጫዋች ቤን ሆጋን በየካቲት 1949 በቴክሳስ መንገድ ላይ አውቶቡስ ወደ መኪናው በመጣበት ጊዜ ሚስቱን ለማዳን በላይዋ ተወርውሮ የዳሌው፣ የትከሻውና የቍርጭምጭሚቱ አጥንት ተሰበረ፤ ኋላም ደም በሥሩ ረግቶበት ሐኪሞች ታላቁን የደም ሥር ቋጠሩበት። በሰኔ 1950 በፔንሲልቬንያ በሜሪዮን በተደረገው የአሜሪካ ክፍት ውድድር፥ እግሮቹን በፋሻ ጠቅልሎ በመጨረሻው ቀን 36 ጉድጓድ በእግሩ አዳረሰ። ያ ጻዕር እውነተኛ ጻዕር ነበረ። ሆኖም ሃይ ፔስኪን የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ በመጨረሻው ጉድጓድ ከበስተኋላው ቆሞ ያነሣው፥ ዓለምም እስካሁን የሚያስታውሰው ሥዕል የእርምጃው አይደለም፤ በግራና በቀኝ በቆመው ሕዝብ መካከል ቀኝ ተረከዙ ከመሬት ተነሥቶ፣ ዱላው ከትከሻው በላይ ዞሮ፣ ወደ 200 ሜትር የሚርቀውን ጉድጓዱ ያለበትን ለስላሳ ሣር ሲመለከት ያሳየዋል። ኳሱም ከዚያው ደረሰለትና በሁለት ምት አግብቶ ከሁለት ተወዳዳሪዎች ጋር እኩል ወጣ። በማግሥቱ እነዚያኑ እግሮች ይዞ 18ቱን በ69 ምት ፈጸመ፤ ሎይድ ማንግረም 73፣ ጆርጅ ፋዚዮም 75 ምት ፈጅቶባቸው ነበር።