ከጦር ሰፈር ሥር የተቀበረ ቤተ መንግሥት

ስለ ጃፓን ስናወራ ልማዳችን አንድ ነው፤ የሜይጂን ዘመን እናነሣለን፣ ባህልን ሳይለቁ መሠልጠንን እናደንቃለን፣ ከዚያም «እኛስ?» ብለን እንተክዛለን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ከጻፉ ወዲህ አድናቆቱ አልበረደም (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በኦሳካ የታሪክ ሙዚየም በዋልኩበት ዕለት ያስተዋልኩት ግን ያ አድናቆት የማያነሣውን ነገር ነው።

ጎብኚ በአሳንሰር 10ኛ ፎቅ ወጥቶ ዘመናቱን ተከትሎ ቁልቁል ይወርዳል። ከላይ የሚቀበለው የናኒዋ ቤተ መንግሥት ታላቅ አዳራሽ ነው፤ ቀያይ ዓምዶቹ በጥንቱ መጠናቸው ቆመዋል፣ የሹማምንት ምስሎችም ተሰልፈዋል። ሥፍራው ራሱ ከመስኮቱ ባሻገር ይታያል።

ንጉሠ ነገሥት ኮቶኩ በ645 መናገሻቸውን ወደ ናኒዋ አዛወሩ፤ ግንባታው በ652 ተፈጸመ። በማግሥቱ ዓመት አልጋ ወራሹ መኳንንቱን፣ እቴጌይቱን እንኳ ሳይቀር፣ አስከትሎ ወደ አሱካ ሄደ። ንጉሡ በባዶ ቤተ መንግሥት በ654 አረፉ። (ዙፋንና ሥልጣን የተለያዩበት ዘመን ለእኛም እንግዳ አይደለም።) ቤተ መንግሥቱ በ686 ተቃጠለ፤ ንጉሠ ነገሥት ሾሙ ከ726 ጀምሮ እንደገና አሠሩት። ዛሬ በሙዚየሙ የሚታየው አዳራሽ የዚህ የሁለተኛው ነው። እርሱም በዚያው ምእት ዓመት መጨረሻ ፈርሶ ተረሳ።

ምጸቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የ1889ኙ የሜይጂ ሕገ መንግሥት፣ የእኛ የ1931ዱ ሕገ መንግሥት አርአያ፣ ንጉሠ ነገሥቱን ዘሩ ያልተቋረጠና የማይደፈር ቅዱስ አደረገው። በዚሁ ንጉሥ ስም የሚምለው ሠራዊት ግን በጥንታዊው ቤተ መንግሥት ላይ ሰፍሮ ነበር! በ1913 ለግንባታ ሲቆፈር ጥንታዊ የጣራ ሸክላዎች ወጡ፤ መሬቱ የሠራዊቱ ነበርና ነገሩ በዚያው ቀረ።

በአጠገቡ የነበረው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነሐሴ 14 ቀን 1945፣ ጃፓን እጅ መስጠቷ በታወጀ ዋዜማ፣ በቦምብ ወደመ። ፕሮፌሰር ያማኔ ቶኩታሮ ቁፋሮውን የጀመሩት ሠራዊቱ ከጠፋ በኋላ በ1954 ነው፤ የአዳራሹን መሠረት ያገኙት በ1961።

በሙዚየሙ ምድር ቤት የመጀመሪያው ቤተ መንግሥት ዕቃ ቤቶች ዓምዶች የቆሙባቸው ጉድጓዶች ተጠብቀው ይታያሉ። ኅሩይ ጃፓንን በጎበኙበት ዓመት በዚህ አካባቢ ወታደር ይሰለፍ ነበር፤ ማንቹሪያ የተወረረችውም በዚያው ዓመት መስከረም ነው። በ1936 የጣሊያንን ወረራ ያጸደቀው የጃፓን መንግሥት ያ ሠራዊት የሚመራው መንግሥት ነበር።